ቁጥሩ ከየት መጣ? ወሎ ውስጥ የጤና ጥናት ለምትጀምሩ

የጤና መኮንን ሆኜ ሥራ የጀመርሁት ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልት ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ኋላ በጤና አገልግሎት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመመረቂያ ጥናቴን ተሁለደሬ ወረዳ ላይ፣ በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ዙሪያ ሠራሁ። አሁን የምኖረው ደሴ ነው። ነርሱም፣ ሚድዋይፏም፣ የላብራቶሪ ባለሙያውም ፕሮፖዛላቸውን ይዘው ይመጡና «እስቲ አንዴ እይልኝ» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ አያለሁ። ርዕሱንም ዓላማውንም ከማየቴ በፊት መግቢያው ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱን እመርጥና ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ።

መልሱ ብዙ ጊዜ «ሪፈረንሱ አለ እኮ» ነው። እውነት ነው፣ አለ። ሪፈረንሱን ስንከፍተው ግን የሌላ ሰው መግቢያ ላይ ያለ ዓረፍተ ነገር እናገኛለን፤ እሱም በተራው ሌላ ሰው ይጠቅሳል። ያም ወደ ሌላ ይመራል። እንዲህ እየተከተሉ ሲሄዱ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጥናት ከተባለው ነገር ጋር የማይገናኝ ሆኖ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ የምርምር ቁጥር ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ወደ ወረዳ ዕቅድ ይገባል፣ የመድኃኒት ግዢ ይሆናል፣ የአልጋና የሠራተኛ ብዛት ይሆናል።

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1980 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ ወጣች። ጸሐፊዎቹ ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ ናቸው። ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ 39,946 ሕሙማን መካከል 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ናርኮቲክ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ) የሕመም ማስታገሻ እንደተሰጣቸው፣ ከእነዚህም ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ በአግባቡ የተመዘገበባቸው አራት ብቻ እንደሆኑ ትናገራለች። በቃ ይኸው ነው። ሰዎቹ ተኝተው፣ በሐኪምና በነርስ ዓይን ሥር ሆነው መድኃኒቱን የወሰዱ ናቸው። ቤታቸው ሆነው ለወራት የሚወስዱትን ደብዳቤዋ አላየችም፤ አየሁም አላለችም።

በ2017 እ.ኤ.አ. በዚያው ጆርናል ላይ ተመራማሪዎች ደብዳቤዋን የጠቀሱትን ጽሑፎች አንድ በአንድ አይተው ውጤቱን አወጡ። 608 ጊዜ ተጠቅሳለች። ከእነዚህ 72 በመቶ ያህሉ «ኦፒዮይድ (ያው ናርኮቲክ ማስታገሻው) ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው» ለማለት ማስረጃ አድርገዋታል። 81 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን ጭራሽ አላነሱም። ጆርናሉም ደብዳቤዋ ያለ ማገናዘብ በብዛት እንደተጠቀሰች የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ ከላይዋ ላይ ጨመረ። በሰሜን አሜሪካ የኦፒዮይድ ሱስ ያስከተለውን ሞት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ደሴ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የሚያስተናግደው የደቡብ ወሎን ሰው ብቻ አይደለም። ከሰሜን ወሎም፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም፣ ከአፋርም ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ አለ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ ስለሆነ ያ ሕመም ያለበት ሰው ከሩቅም ይሄድበታል። ስለዚህ «በዚህ ሆስፒታል ከታዩት ሕሙማን ይህን ያህሉ ይህ በሽታ አለባቸው» የሚል ጥናት ትክክለኛ ጥናት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ግን ያንኑ ጠቅሶ «በደቡብ ወሎ የበሽታው ሥርጭት ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሆስፒታል የሚለው ቃል መንገድ ላይ ቀረ። ፖርተርና ጂክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የእኔ ርዕስ ላይም ይህን በደንብ አይቻለሁ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእኛው ተሁለደሬ ነበሩ። ስለዚህ ተሁለደሬ በዚህ ርዕስ ላይ የሚጽፍ ሁሉ የሚያነሳው ስም ሆነ። በጽሑፎቹ ውስጥ ግን በመቶኛ የሚቀመጡት ቁጥሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው «መድህኑ ውስጥ ብትገባ ፈቃደኛ ነህ?» ተብሎ ተጠይቆ አዎ ያለው ሰው ድርሻ ነው። ሁለተኛው በእርግጥ ከፍሎ የተመዘገበው ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያደሰው ነው። እነዚህ ሦስቱ በጣም የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ፈቃደኛ ነኝ ማለት ገንዘብ አያስወጣም፤ እንግዳ ፊት እምቢ ማለት ደግሞ ለወሎ ሰው ከባድ ነው።

አካፋዩም፣ ማለትም መቶኛው የሚሰላበት ጠቅላላ ቁጥር፣ ሌላ ጣጣ አለው። መድህኑ ቋሚ ደመወዝ የሌለውን ቤተሰብ የሚመለከት ስለሆነ ደመወዝተኛው ከስሌቱ ይወጣል። መክፈል የማይችሉት ደግሞ መንግሥት ከፍሎላቸው አባል ይሆናሉ። አንዱ ጥናት እነዚህን ይቆጥራል፣ ሌላው አይቆጥርም። ሁለቱን በመቶኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «አባልነቱ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት ወረዳውን ያለ ጥፋቱ መውቀስ ወይም ያለ ሥራው ማመስገን ነው።

ይህ ነገር ሳምፕል ሳይዝ (የናሙና መጠን) ላይ ሲደርስ ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ሁላችንም የምንጠቀምባት ቀመር አለች፤ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በፒ እና በአንድ ሲቀነስ ፒ ተባዝቶ፣ ለስህተት ወሰኑ ካሬ ይካፈላል። ፒ የምንለው እናገኘዋለን ብለን አስቀድመን የምንገምተው ድርሻ ነው። የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ሆኖ ፒ 50 በመቶ ከተባለ 384 ነጥብ ምናምን ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423 ይሆናል፤ በየመመረቂያ ጽሑፉ ያንን ቁጥር የምታዩት ለዚህ ነው። ፒ ከቀድሞ ጥናት ሲወሰድ ግን ያ ጥናት ምን እንደለካ ማወቅ ግድ ነው። አንዲት ጎበዝ ነርስ በባህላዊ ሕክምና አጠቃቀም ላይ ፕሮፖዛል ይዛ መጣች። ፒዋ 80 በመቶ ነበር። በዚያ ሲሰላ የሚያስፈልጋት 246 ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩን አብረን ተከተልነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ወደ ሁለተኛው መራን፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ፣ በመጨረሻም የዓለም ጤና ድርጅት የ2002–2005 እ.ኤ.አ. የባህላዊ ሕክምና ስትራቴጂ ላይ ደረስን። እዚያ ላይ የተጻፈው በአፍሪካ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ሕዝብ ለጤናው ባህላዊ ሕክምና ይጠቀማል የሚል ነው። አፍሪካ ነው የሚለው፤ «እስከ» የሚልም አለበት። ወሎ ውስጥ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ልጅቷ 50 በመቶውን ወሰደች፣ ናሙናዋም አደገ፣ ሥራዋም በዛ። ግን ጥናቷን ፈታኞች ፊት ስትከላከል ማንም አላናወጣትም።

እንግዲህ አከታተሉ እንዴት ነው የሚለውን የማውቀውን ያህል ልናገር።

ሁለት አቅጣጫ አለው። አንደኛው ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ከጽሑፉ ግርጌ ያለውን ሪፈረንስ ይዞ ወደ መጀመሪያው ጥናት፣ ከዚያም ወደ ዘዴ ክፍሉና ወደ ሠንጠረዡ። ማጠቃለያውን ብቻ አንብባችሁ አትመለሱ። ሁለተኛው ወደ ፊት መሄድ ነው፤ ያ ጥናት ከወጣ በኋላ ማን ጠቀሰው፣ ማን ተቃወመው ብሎ ማየት። የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የጠቀሱትን ብዛት የሚያሳይ መስመር አለ፤ ስትጫኑት ዝርዝሩ ይከፈታል። ብዙ ተማሪ ያንን ቁጥር አይቶ «ብዙ ሰው የጠቀሰው ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። መጫን ነው ያለባችሁ።

ለነገሩ ሳይቴሽንን (ማን ማንን እንደጠቀሰ) መዝግቦ የመያዝ ሐሳብ ሲፈጠርም ዓላማው ይኸው ነበር። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ አርአያ ያደረገው የአሜሪካ ጠበቆች ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገለገሉበትን፣ የፍርድ ውሳኔዎች በኋላ የት እንደተጠቀሱ የሚዘረዝረውን ሼፐርድስ ሳይቴሽንስን ነው። ጠበቃ አንድን የቆየ የፍርድ ውሳኔ ከመጥቀሱ በፊት ውሳኔው በኋላ በሌላ ችሎት ተሽሮ እንደሆነ ማየት አለበት። ጋርፊልድም ተመራማሪው የተጭበረበረ፣ ያልተሟላ ወይም ጊዜው ያለፈበት ውጤት ሳያገናዝብ እንዳይጠቅስ፣ በቀደሙት ጽሑፎች ላይ የተሰነዘረውን ትችት የሚያውቅበት መንገድ ይኑረው አለ። እሱ ያሰበው መዝገብ፣ ሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣ። የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየው፣ ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው መለኪያም ከዚያ ተወለደ፤ ከዚያ ወዲህ መቁጠሩ ገነነና ማገናዘቡ ተረሳ። እኔ ይህን ታሪክ ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ፤ ለተማሪዎችም ደጋግሜ የምነግረው ስለማምንበት ነው።

ስቲቨን ግሪንበርግ የሚባል ሐኪም በ2009 እ.ኤ.አ. ቢ ኤም ጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል ላይ ባወጣው ጥናት በአንድ የጡንቻ በሽታ ዙሪያ የተጻፉ 242 ጽሑፎችን እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠቃቀሱ በካርታ አሳየ። ሐሳቡን የሚደግፉት እየተደጋገሙ ይጠቀሳሉ፤ የሚቃረን መረጃ ያላቸው ይዘለላሉ፤ በመጨረሻም ጥርጣሬ የነበረበት ነገር የተረጋገጠ ሐቅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶችን ዳሰሳ) ስትጽፉ ከእናንተ ግምት ጋር የማይስማማውን ጥናት ፈልጋችሁ አስገቡ። አማካሪያችሁ ባይጠይቃችሁም ፈታኙ ይጠይቃችኋል።

ሌላ ሁሌ የማሳስበው፣ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ተሰርዞ እንደሆነ ማየት ነው። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የተሻረው በ2010 ነው። በመሐል 12 ዓመት አለ። የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ፐብሜድ ላይ የተሻረ ጽሑፍ ከላዩ ላይ በግልጽ ይጻፍበታል። ዞቴሮ የሚባለው ነጻ የሪፈረንስ ማደራጃ ደግሞ በስብስባችሁ ውስጥ የተሻረ ጽሑፍ ካለ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ሪፈረንስ በእጅ መጻፍ ትታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዞቴሮ ተጠቀሙ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

«ሙሉ ጽሑፉን ገንዘብ ይጠይቀኛል» ለምትሉ፦ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤና ጆርናሎችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከፍተው ሂናሪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን አሁን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥር ነው። የሚገባው በተቋም ነው፤ የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የምታገኙት ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ነው። እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ስለሚጠይቅ ማጠቃለያውን ብቻ አንብቦ የሚጠቅስ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ አብዛኛው በር ላይ ያለውን ቁልፍ ስለማያውቅ ነው።

ፍለጋው ላይ ደግሞ ለእኛ አካባቢ የተለየ ችግር አለ። ደሴም፣ ሐይቅም፣ ተሁለደሬም፣ ወሎ የሚለው ራሱም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋሉ። አንዱ ጸሐፊ ፊደል ይደግማል፣ ሌላው ይተዋል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል፤ ከዚያ «በአካባቢው የተሠራ ጥናት የለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሁሉንም አጻጻፍ በ«ወይም» አያይዛችሁ ፈልጉ። ፐብሜድ ላይ ያልገቡም አሉ። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልን፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣውን የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት፣ የጅማውን የጤና ሳይንስ መጽሔት በየራሳቸውና በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በኩል እዩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ያሉ መመረቂያ ጽሑፎችንም አገላብጡ። የአገራችን ሰው የሠራው ተደብቆ መቅረቱ ያሳዝነኛል። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ያገኘው። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር። እሱ ግን ቆሞ ተመለከተ፣ ለካ፣ ጻፈ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘ።

ወደ መስክ ስትወጡ ደግሞ ቁጥሩን የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ፤ ነገ ሌላው እናንተን ይጠቅሳል።

ሐይቅ ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ የገባሁበትን ቤት ላንሳ። እናት በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። መጠይቁን ይዤ ደጃፍ ላይ ብቅ ስል «አብሽር ልጄ፣ ግባ፣ ቁጭ በል፤ ቡናው አሁን ነው የተቀዳው» አሉኝ። የስምምነት ቅጹን አነበብኩላቸው፣ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። «የመድህን አባልነትዎን ዘንድሮ አድሰዋል?» አልኳቸው። «አዎን፣ አድሻለሁ» አሉ። ቀጣዩ ጥያቄ ደብተሩን ማየት ነበር። ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ደብተሩ አለ፤ የመጨረሻው ማኅተም የአምና ነው። ከሥሩ ደግሞ ተጣጥፎ የተቀመጠ የዘንድሮ ደረሰኝ አለ። ከፍለዋል፣ ግን ማኅተሙ ገና አልተመታም። ጤና ጣቢያ ቢሄዱ «አላደሱም» ሊባሉ ይችላሉ። ቀበሌው መዝገብ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ሴትዮዋ የነገሩን፣ ደብተሩ የሚያሳየው፣ ደረሰኙ፣ መዝገቡ፣ አራቱም «ማደስ» የሚለውን በየራሳቸው ይመልሳሉ። ስለዚህ መጠይቃችሁ ላይ «ደብተሩ ታይቷል፣ አልታየም» የሚል መስመር ይኑር፤ ደረሰኙም ለብቻው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም ስለ ክትባት ሲጠይቅ ከካርድ የተገኘውንና እናት የተናገረችውን ለይቶ ይመዘግባል።

ጊዜም በጀት ነው። አንድ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ይዛችኋል፤ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቻችሁን በቀን ብዙ ቤት እንዲጨርሱ ካስጨነቃችኋቸው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይሞሉታል። በገበያ ቀን ባለቤቱን ቤቱ አታገኙትም። ገበሬው በማያርስበት በዓል ታገኙታላችሁ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት አትሂዱ። ረመዳን ከገባ ሰዓታችሁን ወደ ጠዋት አድርጉ። ከሚሴ አካባቢ ከሆነ ኦሮምኛ የሚችል ሰብሳቢ ያዙ። ደጋው ላይ ደግሞ በልግ አምራች የሆነውና መኸር አምራች የሆነው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባበት ወር ይለያያል፤ ስለ መዋጮና ስለ ክፍያ አቅም ስትጠይቁ በየትኛው ወር እንደጠየቃችሁ ዘዴ ክፍሉ ላይ ጻፉ።

ዕድሜ ለሚጠፋባቸው አዛውንቶች «በ66ቱ ረሃብ ጊዜ አገብተው ነበር? በ77ስ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ብሎ መጠየቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ግን በእርጋታ ጠይቁ። በዚያ ዘመን የሞተባቸውን እያስታወሱ ነው የሚመልሱላችሁ።

መዝገብ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩን መጀመሪያ ወስኑ። ካርዱ ላይ 2012 የሚል የእኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ጽሑፉ ላይ ሳይለወጥ ከገባ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከወረዳ ሪፖርት የወሰዳችሁትን «የአንድ ዓመት» ቁጥር ከሌላ አገር የዘመን ዓመት ጋር ስታወዳድሩ ወሮቹን አስቡ።

ከሁሉም የምጠነቀቅበት ግን የ2014 ዓ.ም. ክፍተት ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፣ ዕቃ ተዘርፏል፣ መዝገብም አብሮ የጠፋበት ቦታ አለ። የብዙ ዓመት አዝማሚያ የሚያሳይ ግራፍ ስትሠሩ በእነዚያ ወራት መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። በሽታው ቀንሶ አይደለም፤ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው። ባዶ ሣጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም። ሪፖርት ያልተደረገበትን ወር ባዶ ተዉት፣ ከግራፉ ሥርም ምክንያቱን ጻፉ። ያንን ጊዜ እዚህ ሆነን ያሳለፍን ሰዎች ካልጻፍነው ሩቅ አገር ሆኖ ዳታውን የሚያወርድ ተመራማሪ «በደቡብ ወሎ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2014 አሽቆለቆለ» ብሎ ቢጽፍ ልንፈርድበት አንችልም።

ስለ ማሳተም ጥቂት ልበል። ጥናታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ይመጣላችኋል፤ በጥቂት ቀን እናወጣላችኋለን ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፉን ላከ። ምንም የገምጋሚ አስተያየት ሳይመጣ ተቀባይነት አገኘ፣ ወዲያው የዶላር ክፍያ ተጠየቀ። ልውሰደው ሲል ደግሞ ለማንሳትም ክፍያ አሉት። ሳይስማማ አወጡት፤ አንዴ ወጥቷልና ሌላ ጆርናል አልቀበልም አለ። የሁለት ዓመት ድካሙ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ጆርናሉ ዲ ኦ ኤ ጄ በተባለው በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ፐብሜድ ላይ አለሁ ካለም በእርግጥ መኖሩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። የታወቁት አሳታሚዎች አብዛኞቹ እንደኛ ላለ አገር ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ፤ ይህን ግን ስትልኩ ነው የሚጠየቀው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሲሆን ብዙዎቹ አይሰሙም።

ስማችሁንም አስቡበት። ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አህመድ፣ ከበደ ስንት ነው? ፈረንጆቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የእናንተን በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል። ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ሆነው ይቆጠራሉ፤ ወይም አንዱ ሰው አጻጻፉ ስለተለዋወጠ ሁለት ይሆናል። ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር በነጻ አውጡ፤ ስማችሁንም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ለዘለቄታው ጻፉ።

ኤች ኢንዴክስ ስንት አለህ ለሚል ውድድር ግን አትጨነቁ። ሆርሄ ሂርሽ የሚባል ፊዚሲስት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ነው፤ አምስት ጽሑፎቻችሁ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተጠቀሱ አምስት አላችሁ። የቦሩ ሜዳን የሥጋ ደዌ ሕሙማን በደንብ ያጠና ሰው ብዙ ጠቃሽ ላያገኝ ይችላል፤ በርዕሱ ላይ የሚሠራው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው እንጂ ሥራው ስላነሰ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተነጋግረው ዶራ የተባለውን መግለጫ ያወጡት ምሁራንም ተመራማሪን በሚያሳትምበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ነው ያሉት። በዕድገትና በቅጥር ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች ይህን ብታነቡት እወዳለሁ።

የመጨረሻው ሥራ ውጤቱን ለሰጣችሁ ወረዳ መመለስ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውላችኋል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት መርታችኋለች። ሙሉ መመረቂያውን በእንግሊዝኛ ጠርዛችሁ ብትሰጡ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በአማርኛ ሁለት ገጽ አዘጋጁ፤ በየቀበሌው የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ይኑረው። እኔ ባቀረብኩ ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ያላደሱት የበዙት የት ነው?» የሚል ነበር፤ ለእነሱ የሚጠቅመው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ በመቶኛ አጠገብ ደግሞ ከስንት ቤተሰብ ውስጥ ስንት እንደሆነ፣ መንግሥት የከፈለላቸው መቆጠራቸውንና አለመቆጠራቸውን፣ በየትኛው ወር እንደተሰበሰበ ጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከዚያች ሁለት ገጽ ላይ ነው የሚቀዳው፤ የሚቀጥለው ተማሪም ፒውን ከእሷ ነው የሚወስደው።